የሳሙና ጎላ

ጠሂራ በቤቷ የማትሠራው ነገር ጥቂት ነበር። ሽሮና በርበሬውማ የማንኛዋም ሴት ሥራ ነው። እሷ አቼቶውን ከሙዝ ልጣጭ፣ የባሏን የሸሚዝ ኮሌታ የምታደርቅበትን ስታርች ከድንች፣ ማገዶውን ከከሰል ብናኝና ከጭቃ፣ ሳሙናውን ደግሞ ከሞራ ታወጣው ነበር። ጎረቤቱ «ባለሙያ» ይላታል። ባለሙያ ማለት ሱቅ በጎደለ ዘመን ለደከመች ሴት የሚሰጥ ማዕረግ ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ ጡረታም የለውም።

ጊዜው ሰባ ስድስት ዓ.ም. ነው፣ ግንቦት። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሳሙና ሲመጣለት ለአንድ ቤተሰብ በወር ሁለት ይሰጣል፤ ሲመጣለት ነው እንግዲህ። የጠሂራ ቤት ሰባት ሰው አለበት፤ እሷ፣ ባሏ ዘይኑዲን፣ አራት ልጆችና አማቷ እማ ሀጅራ። ዘይኑዲን መርካቶ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊ ያደፈ ሸሚዝ ለብሶ ቢቀመጥ ማን ጨርቁን ያምነዋል? ስለዚህ ሳሙና ግድ ነው።

ሳሙናውን የምትሠራው ብቻዋን አልነበረም። ከተክለ ሃይማኖት ወረድ ብሎ ባለው ግቢ ከእሷ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት እትዬ አስካለ አሉ፤ ሃምሳን የዘለሉ፣ ባላቸው ጋሼ ወልደ ሚካኤል የመጋዘን ዘበኛ የሆኑ ሴት። ሁለቱ አሥራ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። እሳቱን፣ ወንፊቱን፣ መጥረቢያውን ይዋዋሳሉ፤ የአንዷ ልጅ ሲታመም ሌላዋ ትሮጣለች። ሥጋ ብቻ ለየብቻ ነው። የክርስቲያን ቢላ ያረደውን ጠሂራ አትቀምስም፤ የእስላም ቢላ ያረደውን እትዬ አስካለ አይቀምሱም፤ ያ ሥጋ የነካው ድስትም እንደዚያው። ይህን ማንም ለማንም አስረድቶ አያውቅም። የግቢው ልጆች እንኳ በቅጡ ሳይራመዱ ያውቁታል።

ለሳሙናውም ሕግ ነበራቸው። ሞራው የሚቀልጠው በጠሂራ ጎላ ድስት ስለሆነ፣ የሚገዛው ከእስላሙ ሥጋ ሻጭ ከእንድሪስ ነው። እንጨቱ፣ ሶዳው የሚበጠበጥበት ግማሽ በርሜልና ጠንካራው ክንድ የእትዬ አስካለ ነው። ሶዳ አልሙኒየም ይበላልና ወደ ጎላው አይጠጋም፤ ሞራው ቀልጦ በጨርቅ ከተጠለለ በኋላ በርሜሉ ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያ ክንድ እስኪዝል በአንድ አቅጣጫ ማማሰል ነው። እንደ አጥሚት ሲወፍር በሣጥን ይፈስሳል፣ በማግስቱ በሽቦ ይቆረጣል፣ አንድ ወር በጥላ ይደርቃል። እጅ ይልጣል፣ ጠረኑ አይወራ፤ ግን ያጸዳል።

ጎላው ተራ ድስት አልነበረም። እማ ሀጅራ ከደሴ ሲመጡ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭነው ያመጡት፣ ሁለት ሙክት ያለ ጭንቅ የሚውጥ ድስት ነው። ጠሂራ የበኩር ልጇን የወለደች ጊዜ «ከእንግዲህ ያንቺ ነው» ብለው ሰጧት። ጠሂራ ያን ዕለት በደስታ አለቀሰች፤ ምን እንደተሰጣት የገባት ግን ኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በዘመዱ ሰርግ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ መውሊድ ቢሆን «ጎላው ይምጣ» ይባላል፤ ጎላው በሄደበት ደግሞ ጠሂራ ትከተላለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሰርግ በጀርባዋ ስትሰማ የኖረች ሴት ናት። በዘመድ መካከል ስም ያላትም በዚሁ ነው። «የጠሂራ እጅ ንጹሕ ነው» ይላሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይበሉላታል።

በመጪው እሁድ የዘይኑዲን እህት ፋጢማ ልጇን ሱሀይርን ትድራለች። ረመዳን ሊገባ ሳምንት አልቀረውም፤ ከዚያ እሁድ ወዲያ ሰርግ የለም። መቶ ሃምሳ ሰው ተጠርቷል። ወጡ የሚሠራው በጎላው፣ የምትሠራው ጠሂራ።

ሐሙስ ዕለት ጠሂራ ገና ሳይነጋ ለስኳር ተሰለፈች። በሰልፉ ላይ ከሰው ይልቅ ወረፋ ጠባቂ ድንጋይ ይበዛ ነበር፤ ድንጋዩ የአንዷ፣ ቅርጫቱ የሌላዋ፣ የተሰበረው ጀበና የማን እንደሆነ ያልታወቀ። ከፊቷ ያለች ሴት «ሰው ነኝ ብዬ ቆሜ እኔው ድንጋይ ሆንኩ፤ ድንጋዮቹ ግን ቤታቸው ገብተው ቁርስ በሉ» ብላ ሰልፈኛውን አሳቀችው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ጠሂራ በፌስታል አንድ ኪሎ ተኩል ስኳር ይዛ፣ እግሯ ጫማዋ ውስጥ አብጦ፣ ወደ ግቢው ገባች። የሞራው ሽታ በር ላይ ተቀበላት። እትዬ አስካለ እንደ ቀጠሯቸው ሞራውን ገዝተው መጣዳቸው ነው፤ «ተመስገን፣ ግማሹ ሥራ አልቋል» አለች በልቧ።

እትዬ አስካለ ግን አያማስሉም። እሳቱን አዳፍነው፣ ጎላው አጠገብ በርጩማ ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

«ምነው እትዬ አስካለ? ሞራው ቀለጠ?»

«ቀልጧል።»

«ታዲያ ሰው የሞተብዎ መሰሉ?»

«እንድሪስ ዘግቷል» አሉ። «ለለቅሶ ወሎ ወርዷል አሉኝ።»

ጠሂራ ፌስታሏን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። «እና ሞራው ከየት መጣ?»

«ሀብተ ወልድ ጋ ገባሁ።»

ሀብተ ወልድ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲህ ሥጋ ቤት ያለው ሰው ነው። በዓለ ሃምሳ በመሆኑ ጾም የለም፤ ሱቁ ደጃፍ ላይ በየቀኑ ሁለት በሬ ይሰቀላል። ማተቡ ከሸሚዙ ውጭ ነው የሚውለው።

«ለሳሙና ነው ብዬ፤ ሳሙና አይበላ!» አሉ እትዬ አስካለ። «መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ነው የማስበው፤ ሳሙና አይበላ፣ ሳሙና አይበላ እያልኩ። ሐሳቤ ሳሙናው ድረስ ሄዶ ድስቱ ላይ ሳይደርስ ቀረ። እቤት ስገባ እጄ እንደ ልማዱ ጎላውን ጣደ። ይህን ጅል እጄን!»

«መች ታወቀዎት?»

«ሞራው መንጫጫት ሲጀምር።»

ጠሂራ ወደ ጎላው አጎነበሰች። ሞራው ጥርት ብሎ ቀልጧል፤ የእንድሪስም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይመስልም ነበር። ቀና ስትል አሥራ አራት ዓመት ያልተናገረችውን ተናገረች፤ «እርስዎ»ን ትታ፦

«ለምን ነገርሽኝ?»

«እህ?»

«እንድሪስ ጋ ገዛሁ ብትዪ ማን ይጠይቅሽ ነበር? እኔ አሁን ከስኳር ሰልፍ ነው የመጣሁት! ለሰርጉ ሦስት ቀን ቀረኝ! ዝም ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«ተክልዬን፣ አፌን ልዘጋ ሦስቴ ሞክሬያለሁ» አሉ እትዬ አስካለ። «እሁድ አንቺ ከዚህ ድስት ስትበዪ፣ ልጆችሽ ሲበሉ፣ እኔ ዳር ተቀምጬ ልይሽ? አልችልማ፤ ብቻዬን አልችለውም።»

«ስለዚህ እኔ ልቻለው!»

እትዬ አስካለ ከበርጩማው ተነስተው የማጥለያውን ጨርቅ አመጡ።

ጸብ ጸብ ነው፤ የቀለጠ ሞራ ግን እስኪታረቁ አይጠብቅም። ሶዳው ተበጥብጧል፣ እንጨቱ ነድዷል፣ ሌላ ሞራ የለም። ሁለቱ ሴቶች ጨርቁን ከዚህና ከዚያ ይዘው ሞራውን አጠለሉ፤ በርሜሉን ተራ በተራ አማሰሉ፤ ሣጥኑን ሞሉ። ሳሙናው ከወትሮው ነጣ ብሎ ወጣ። ይህም ጠሂራን አበሸቃት።

ማታ እራት ሲቀርብ ለባሏ ነገረችው። ዘይኑዲን ልጆቹ ወደ ውጭ እስኪወጡ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እጠቢውና ዝም በይ። እናቴ እንዳትሰማ» አለ።

«አንተ ትበላበታለህ?»

«እኔማ... ሰሞኑን ሥጋ ሆዴን አልተስማማውም።»

ከትናንት ወዲያ የጎረሰውን ዱለት የሠራችው እሷ ናት።

ዓርብ ጠዋት ጎላውን በአመድ ፈተገችው፤ በፈላ ውኃ አጠበችው፤ እንደገና በአመድ ፈተገችው። ፊቷ እስኪታይበት አበራ። ቀጥሎ ሌላ ድስት ፍለጋ ወጣች። ትልቅ ድስት ያላቸውን የእስላም ቤቶች ሁሉ ታውቃለች፤ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ አንኳኳች፣ አማኑኤል ድረስ ሄደች። ሁሉም ድስት ለእሁድ ተይዟል፤ ረመዳን ሊገባ ሲል ያላገባ ሁሉ ይቸኩላልና። የቀበሌው ድስቶች ነበሩ፤ ነገር ግን ለሚሊሻው ሲቀቀልባቸው የከረመው የማን ሥጋ እንደሆነ አገር ያውቃል።

ስትመለስ ሼህ ኢስሐቅ ቤት ጎራ አለች። ሼህ ኢስሐቅ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን የሚያስተምሩ፣ ሕግ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ነገሯን እስክትጨርስ ሰሟትና፦

«ታጥቦ ይሠራበት» አሏት።

«በቃ?»

«በቃ። በደንብ ከታጠበ ምንም የለበትም። ሕጉ ይኸው ነው።»

«ሰውስ እሺ ይላል፣ ሼኽዬ?»

«የጠየቅሽኝ ሕጉን ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ሰው በሕጉ ሲበላ አላየሁም፤ በልማዱ ነው የሚበላው።»

«እርስዎስ እሁድ ይበሉበታል?»

ሼኹ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «እሁድ እንኳ ልጄ፣ ሌላ ሰርግ ተጠርቻለሁ።»

የቀሩት እማ ሀጅራ ናቸው። ጠሂራ ልትደብቃቸው አስባ ነበር፤ ነገር ግን አሮጊቷ ጎላው ደጅ ላይ በዓርብ ቀን ሲያበራ አይተዋል፤ በሕይወታቸው ድስት ያለ ምክንያት ሁለቴ ሲታጠብ አላዩም። ጓዳ በር ላይ ቁጭ ብለው ምስር እየለቀሙ ጠሯት።

«ምን ነካው?»

ነገረቻቸው። እማ ሀጅራ ከምስሩ ቀና ሳይሉ አዳመጧትና፣ «ለምን ነገርሽኝ?» አሉ።

«እኔም እትዬ አስካለን እንዲሁ ብያቸዋለሁ።»

«ደግ ብለሻል። ሞኝ ናት፤ አንቺም ሞኝ ነሽ። ሼኹን ጠየቅሽ?»

«ታጥቦ ይሠራበት አሉ።»

«ታዲያ ታጥቧል፤ አለቀ። ዋጥ አድርጊው። ስምሽን በገዛ አፍሽ ልትደፊው ነው? ፋጢማ ብትሰማ እኮ ጎላውን ብቻ አትልም፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ወጥሽን ነው የምትተፋው። "እስከ ዛሬስ ምን አበላችን?" ነው የምትል። ልጄ ናት፤ አውቃታለሁ።»

«እርስዎስ ይበሉበታል፣ እማ?»

እማ ሀጅራ አንዲት ጠጠር ከምስሩ አውጥተው ወረወሩ።

«እኔ እሁድ ጾመኛ ነኝ።»

ጠሂራ አማቷ በሻዕባን፣ ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ እሁድን ሲጾሙ አይታ አታውቅም። የምስሩን ገለባ ጠርጋ፣ እሳት ዳር ሄዳ ቁጭ አለች። ድስቱ ንጹሕ ነው የሚሉት ሁሉ ከድስቱ አይበሉም። አንዱ ሆዱን ያመዋል፣ አንዱ ሌላ ሰርግ አለበት፣ አንዷ ትጾማለች። የማያውቁት መቶ ሃምሳ ሰዎች ይበላሉ፤ እሷ ማማሰያውን ይዛ «ቢስሚላህ በሉ» ትላቸዋለች። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ምስጢሩን መጠበቅ አለ። እትዬ አስካለ ከሰው ጋር ባወሩ ቁጥር መባነን፤ ዘይኑዲን ሲቆጣ መፍራት፤ በሚቀጥለው ሰርግ፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ምስጢር መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ እሱም እንደ ሌላው ሁሉ የቤት ውስጥ ሥራ ሊሆንባት ነው። ጠሂራ ሥራዎቿን በልቧ ደረደረቻቸው፤ ከሰልን፣ ሽሮን፣ ሰልፍን፣ የሴቶች ማኅበርን ስብሰባ። አንድ ተጨማሪ የሚገባበት ቀዳዳ አጣች። ፈሪሃ አላህ ነው ያናገራት እንዳይባል፤ ድካም ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፋጢማ ጋሪና ኩሊ ይዛ ግቢው ውስጥ ገባች። ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ፣ እጇ እስከ ክርኗ ሂና የተቀባ ሴት ናት። በሩ ላይ ሳትደርስ ነው የጀመረችው፦

«ጠሂራ! ጎላውን አውጪልኝ! አንቺም ጨርቅሽን ጠቅልዪና ነይ፣ ሽንኩርቱ አንድ ኩንታል ነው!»

«ጎላው አይሄድም፣ ፋጢማ።»

«ለምን? ተሸነቆረ?»

«አልተሸነቆረም። ሐሙስ ለሳሙና የክርስቲያን ሞራ ቀልጦበታል። በስሕተት ነው። አጥቤዋለሁ፤ ሼህ ኢስሐቅም ይሠራበት ብለዋል። ይሁን ካልሽ ልምጣና ልሥራ፤ ግን ለሰዉ ነግረሽ ነው።»

ኩሊው የጋሪውን እጀታ ለቀቀና ለማዳመጥ ተደላደለ። እማ ሀጅራ ጓዳ በር ላይ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«የክርስቲያን ሞራ» አለች ፋጢማ፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ሆነ። ቀጥሎ ተመልሶ ትልቅ ሆነ። «በእናቴ ድስት! በልጄ ሰርግ ዋዜማ! ቆይ፣ ከዚህ በፊትስ?»

«ከዚህ በፊት ከእንድሪስ ነበር።»

«በምን ይታወቃል?»

«በእኔ።»

«በአንቺ! አሁንስ በማን ነበር ያለው? የግቢው ሁሉ ሰው እንደፈለገ የሚያነካካው ድስት! አሥራ ሁለት ዓመት ምን ስታበዪን ኖረሽ ይሆን?»

ያኔ ነው እትዬ አስካለ ከቤታቸው የወጡት። ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ አልደረቡም።

«ፋጢማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሞራውን የገዛሁት እኔ፣ የጣድኩት እኔ። እሷ ስኳር ሰልፍ ላይ ነበረች፤ ያውም ላንቺ ሰርግ! እኔን ስደቢኝ።»

«እርስዎን ምን ብዬ ልስደብ? እርስዎ የሃይማኖትዎን ነው ያደረጉት! እሷ ናት እንጂ ደጇን ክፍት የተወች!»

«ደጇን ክፍት ባትተው ማን ያማስልልሽ ነበር ይሄን ሁሉ ሳሙና? የሰርግሽ ጠረጴዛ ልብስ በምን ታጠበ? በምራቅ?»

ኩሊው ሳቀ። ፋጢማ በዓይኗ ዝም አሰኘችው፤ ወደ እናቷም ዞረች።

«እማ፣ ሰምተሻል ይሄን?»

«ሰምቻለሁ» አሉ እማ ሀጅራ።

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

አሮጊቷ ጠሂራን አዩአት። መዋሸት ይችሉ ነበር፤ «አሁን ነው የሰማሁት» ማለት ይችሉ ነበር፤ ጠሂራም አትገልጣቸውም ነበር።

«ትናንትና ነው የሰማሁት። ዋጥ አድርጊው ብያት ነበር። አልዋጥም አለች።»

ፋጢማ ባዶውን ጋሪ እየገፋ ከሚከተላት ኩሊ ጋር እየተጣላች ወጣች፤ ድልድዩ ድረስ ድምፅዋ ይሰማ ነበር ብለው የሰፈር ሰዎች ኋላ ተረኩ። ከሰዓት በኋላ ከአራት ቤት አራት ትናንሽ ድስት ለቃቅማ እንደሰበሰበችም ተሰማ። ጠሂራ እንዳትመጣ ግን አልላከችባትም፤ የወንድሟን ሚስት ከሰርግ መከልከል ሌላ ወሬ ነው።

እሁድ ጠሂራ ልጆቿን አጥባ፣ የዘይኑዲንን ኮሌታ አድርቃ፣ እማ ሀጅራን ደግፋ ሰርጉ ቤት ደረሰች። እግሯ ሳያማክራት በዳሱ ጀርባ ወደ ጭሱ ዞረ። ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ቢላቸውን አቆሙ። አንዷ የአክስት ልጅ ተነስታ ክንዷን ያዘቻት።

«አንቺ ዛሬ አረፍ በይ» አለቻት። በሐዘኔታ ይሁን በነቀፌታ ከድምፅዋ አይለይም ነበር። ዳሱ ውስጥ ከግድግዳው ጥግ፣ ከእንግዶች ጋር፣ ምንጣፍ ላይ አስቀመጧት።

ጠሂራ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው፤ ሶዳ የላጣቸውን ጣቶች ሰው እንዳያይ ሻሿ ውስጥ ደበቀቻቸው። ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ስሟ ጆሮዋ ይገባል። «ከመቼ ጀምሮ ይሆን?» «እኔስ ባለፈው መውሊድ ሆዴን ሲያመኝ...» ይላሉ። ወሬው እስከ ረመዳን አጋማሽ እንደሚያደርሳቸው ታውቅ ነበር። ከእንግዲህ «ጎላው ይምጣ» አይባልም። ያን ስታስብ የሆነ ነገር ደረቷን ወጋት፤ ይኸው ስሟ ሄደ። ወጋትና፣ ቆየት ብሎ ተዋት። ከጀርባዋ ሲሰማት የኖረውን ሰርግ ከፊት ለፊት አየችው፤ ሙሽራዋ በቬሏ ውስጥ ስታዛጋ እንኳ ታየቻት።

በዳሱ በሌላው ጥግ ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶች ጋሼ ወልደ ሚካኤል ባረዱት በግ ዙሪያ ተሰባስበዋል። እትዬ አስካለ ከዚያ ተነስተው፣ በሰው መካከል እየተሽሎከሎኩ መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«አኮረፉሽ?»

«አሳረፉኝ።»

«አንቺስ እኔን?»

«ሰኞ እነግርዎታለሁ። ዛሬ ለማኩረፍም አቅም የለኝ።»

«እንግዲያው ሳሙናውን ሰኞ እቆርጠዋለሁ። ቆይቶ ከደረቀ ሽቦው አይቆርጠውም» አሉና ወደ በጋቸው ተመለሱ።

ምግቡ ዘገየ። ከዳሱ ጀርባ ድስት ይጋጫል፣ ሰው ይጯጯሃል፣ የተቃጠለ ሽንኩርት ይሸታል። በመጨረሻ ፋጢማ ራሷ መጣች፤ ፊቷ በጭስ ጠቁሯል፣ ሂናው በጥቀርሻ ጠፍቷል። ከጠሂራ ፊት ለፊት ቆማ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች ጠየቀች፦

«ያ ሽንኩርት... መች ነው በቃው የሚባለው?»

«ውኃውን ሲጨርስ።»

«አራቱ ድስት እኩል አይጨርስም እኮ!»

«አይጨርስም» አለች ጠሂራ። «አንዱን እያወረድሽ ሌላውን ትጥጃለሽ። እስኪያልቅ መቆም ነው።»

ፋጢማ ትነሳለች ብላ ጥቂት ጠበቀች። ጠሂራ አልተነሳችም። ጫማዋን ካበጠ እግሯ ላይ አውልቃ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። እልልታው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ ልጆች በእግሯ ላይ ይዘላሉ፣ አንዱ ሽማግሌ ለሙሽሮቹ ዱዓ ያደርጋል። የመጀመሪያው ወጥ ወጥቶ በየሳህኑ ሲታደል፣ ጠሂራ በሰርጉ መካከል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አፏን ከፍታ እንቅልፍ ወስዷታል።

ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት ልትቀሰቅሳት እጇን ስትዘረጋ እማ ሀጅራ ያዙዋት። ጾመኛ ናቸው ተብለው ነበር፤ ሳህናቸው ግን ጭናቸው ላይ ነው።

«ተያት» አሉ እያላመጡ። «ድርሻዋን ብቻ አስቀምጪላት።»